«በመቶ ዓመት አንዴ» የተባለው ጎርፍ ለምን ቶሎ ተመለሰ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ወንዝ ዳር፣ ሜዳ ላይ ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት ጎርፍ ሲያጥለቀልቀን «እንዲህ ያለው በመቶ ዓመት አንዴ ነው የሚመጣው» ተባልን። ተጽናንተን ቤታችንን መልሰን ሠራን። ዘንድሮ ደገመን። እኛ ጋ ደግሞ ያን ቀን ጠብታ ዝናብ አልጣለም። ተዋሸን እንዴ?

መልስ፦ በመጀመሪያ እንኳን ነፍሳችሁ ተረፈች። አልተዋሻችሁም፣ ግን በደንብ አልተነገራችሁም። ይሄ በጣም ያናድደኛል፤ ሰው እኮ በዚህ ወሬ ተማምኖ ነው ያለውን ጥሪት ሁሉ እዚያው መሬት ላይ የሚያፈሰው። የተነገራችሁ ቁጥር የዚያን ያህል ጎርፍ በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው፣ በቃ። ሳንቲም ወርውረው ዘውድ ቢወጣ ቀጣዩ የግድ ጎፈር አይሆንም፤ ወንዙም አምና መምጣቱን አይቆጥርም። በ30 ዓመት ሲሰላ ደግሞ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ልጅ ወልደው አሳድገው ለቁም ነገር እስኪያበቁ ድረስ ማለት ነው፣ ትንሽ አይደለም።

በዚያ ላይ ቁጥሩ የሚሰላው ድሮ ከተለካ የውሃ መጠን ነው። አየሩና መሬቱ ሲለወጡ ስሌቱም ያረጃል። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መያዝ ይችላል፤ የያዘውን ሲለቅ ታዲያ ይዘረግፈዋል።

ዝናብ አልነበረም ላሉት፣ መጠየቅ ያለበት ከላይ በኩል፣ ወንዙ ከሚነሳበት አካባቢ ምን ዘንቦ እንደነበር ነው። እዚያ የወረደው ውሃ እናንተ ጋ የሚደርሰው ከሰዓታት፣ ወንዙ ትልቅ ከሆነ ከቀናት በኋላ ነው። አፈሩ ቀድሞ ውሃ ጠግቦ ከሆነ መካከለኛ ዝናብም ይበቃል። ደኑ ሲመነጠር፣ ሜዳው በአስፋልትና በጣሪያ ሲሸፈን፣ ወደ መሬት ይሰርግ የነበረው ውሃ ሁሉ ተግተልትሎ ወንዝ ይገባል። ብቻውንም አይመጣም፣ አፈር ይዞ ነው። አፈሩ ወለሉ ላይ ይተኛና ወንዙ በየዓመቱ እየጠለቀ ሳይሆን እየሞላ ይሄዳል። የቻይናው ቢጫ ወንዝ በታችኛው ክፍሉ በደለል ብዛት ወለሉ ግራና ቀኝ ካለው ሜዳ በላይ ከፍ ብሏል። እንዲህ ያለ ወንዝ ዳርና ዳሩን የያዘውን ግድብ አንዴ ከጣሰ ውሃው ወደ ቦታው አይመለስም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዳርና ዳሩን ከፍ ያለ የአፈር ግድብ ብንሠራ አይገላግለንም?

መልስ፦ ያግዛል፣ ግን ብቻውን አደገኛ ነው። በአሜሪካ የሚሲሲፒ ወንዝን ለዓመታት በግድብ ብቻ አጥረው ለመያዝ ሞክረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ለወራት የዘነበው ዝናብ ግድቡን ብዙ ቦታ ላይ በጠሰው፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከዚያ በኋላ ነው ትርፍ ውሃ የሚለቀቅበት ሰፊ መውጫ የሠሩለት። ኔዘርላንድስም እ.ኤ.አ. በ1995 ወደ 250,000 ሰው ከወንዝ ዳር አስወጥታ ነበር፤ በኋላ ኔይሜኸን ከተማ ላይ ግድቡን 350 ሜትር ወደ ኋላ ስባ ለወንዙ ሁለተኛ መሄጃ ቆፈረችለት። ቤቶች ፈርሰዋል፣ ነዋሪዎችም ተነስተዋል፣ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ያ ሜዳ ራሱ በጎርፍ የተሠራ ነው፤ አፈሩ የሚወደደውም ለዚያ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግድቡ ሲያምር ሰው ከኋላው ጥቅጥቅ ብሎ መስፈሩ ነው፣ የተበጠሰ ቀን ጉዳቱ ከበፊቱ ይብሳል።

ጥያቄ፦ ውሃው ሸሽቷል፣ የጉድጓዳችንም ውሃ ጠርቷል። መጠጣት እንችላለን?

መልስ፦ አትጠጡ! መጥራቱ አያታልላችሁ። ያ ጎርፍ ሽንት ቤቱንም፣ የሞተውን ከብትም፣ የነዳጅ በርሜሉንም አልፎ ነው ጉድጓዳችሁ የገባው። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ነዳጅና የተባይ መድኃኒት ግን አያጠፋም። ጉድጓዱ ተቀድቶ እስኪወጣ፣ በክሎሪን እስኪታከምና እስኪመረመር ድረስ ሌላ ውሃ ፈልጉ። ከጎርፍ በኋላ ኮሌራና ተቅማጥ፣ ውሃ በተኛበት ቦታ ደግሞ ወባ የሚከተሉት በዚህ ጊዜ ነው። ቤት ስትገቡ ሶኬቱ ርሶ ከሆነ ቆጣሪውን ራሳችሁ አትንኩ፣ ባለሙያ ይምጣ። ጭቃውን ሳይደርቅ ጥረጉት፣ የግድግዳውን ልስን በእጃችሁ ዳብሱት፤ ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ከሆነ ቀለም አትቀቡበት፣ ይሻግታል።

ሌላ አንድ ነገር፣ ልጆች ከጎርፍ ውሃ ይራቁ። ቁርጭምጭሚት አልፎ 15 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል። 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል፤ መንገዱ ከሥር ተቦርቡሮ ይሁን አይሁን ደግሞ ከላይ አይታይም።