አረንጓዴውን ከሰማያዊው ጋር ማን አገናኘው?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የፋይበር ኢንተርኔት ካስገባሁ ወዲህ በየጊዜው ይቋረጣል፤ ሞደሙ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ባለሙያው ይመጣና የገመዱን ጫፍ ቆርጦ አዲስ ማያያዣ ይገጥምበታል፤ በሸሚዙ ጠርጎ ይሰካዋል። ጥቂት ቀን ይሠራና ያው ችግር ይመለሳል። ቦታው ላይ የሚገጠመው ማያያዣ ፋብሪካ ከሠራው ያንሳል? እኔስ ራሴ ባጸዳው? (የገመዱ ጫፍ አረንጓዴ፣ የሚገባበት የግድግዳው ሳጥን ቀዳዳ ግን ሰማያዊ ነው። ይህ ለውጥ ያመጣል?)

መልስ፦ ዋናውን ነገር በቅንፍ ውስጥ ደብቀውታል። ለውጥ ያመጣል፤ እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የምጠረጥረው እሱን ነው። ቀለሙ ለጌጥ አልተቀባም። ሰማያዊው ዩፒሲ ይባላል፤ ፊቱ ቀጥ ብሎ የሚገጥም ነው። አረንጓዴው ኤፒሲ ግን የሚንጸባረቀው ብርሃን ወደ ሌዘሩ እንዳይመለስ ፊቱ በ8 ዲግሪ ሰያፍ ሆኖ ተሞርዷል። የሁለቱ የውጭ ቅርፅ አንድ ስለሆነ እርስ በርስ ያለ ምንም ግብግብ ይሰካሉ፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። በመካከላቸው የአየር ክፍተት ይቀርና የብርሃን ብክነት በሚለካበት በዲሲቤል ሲሰላ ብዙ ይባክናል። 3 ዲሲቤል ጠፋ ማለት ግማሹ ብርሃን ጠፋ ማለት ነው። አንድ ፋይበር ለብዙ ደንበኞች በሚከፋፈልበት፣ ጂፖን በሚባለው አሠራር ደግሞ ብርሃኑ ለ32 ደንበኛ ሲከፋፈል ብቻ ከ15 ዲሲቤል በላይ ስለሚወሰድበት፣ እርስዎ ዘንድ የሚደርሰው ለብክነት የሚተርፍ አይደለም።

ነገር ግን ሰማያዊው ቀዳዳ ራሱ ማገናኛ ቱቦ ብቻ ነው። ሳጥኑን አስከፍተው ከኋላ የገባው ጫፍ ምን ቀለም እንዳለው ያስመልክቱ። እሱም አረንጓዴ ከሆነ የተሳሳተው የቱቦው ቀለም ብቻ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ ግን ከሁለቱ አንዱ መለወጥ አለበት። በሞደሙ በኩል ያለውንም እንዲሁ ይዩ።

ወደ ሸሚዙ ስንመጣ ትዕግሥቴ ያልቃል። ብርሃኑ የሚያልፍበት የመስታወቱ እምብርት 9 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ ዓይን የማያየው ቅንጣት ይጋርደዋል። ጨርቁ ደረቅ ሆኖ ሲሻሽ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ሙል ደግሞ ሌላ አቧራ ይስባል። ማያያዣው ውስጥ ያለው ሞላ ሁለቱን ጫፎች በ10 ኒውተን ገደማ ኃይል ያጣብቃቸዋል፤ ግድግዳ ሲበሳ የረገፈ የሲሚንቶ ቅንጣት መካከል ከገባ መስታወቱን ይወጋዋል። የተወጋ ፊት በማጽዳት አይድንም። በአፍ እፍ ማለትም ምራቅ መርጨት ነው።

ስለ ፋብሪካው ጠይቀዋል። እዚያ ፋይበሩ ዚርኮኒያ በሚባል ሴራሚክ ዘንግ ውስጥ ያልፋል፤ በሙጫ ተይዞ በምድጃ ይደርቃል፤ ከዚያ እየላሙ በሚሄዱ የማለስለሻ ወረቀቶች ይሞረድና በማይክሮስኮፕና በብርሃን መለኪያ ይፈተሻል። ቦታው ላይ በእጅ በሚገጠመው ውስጥ ግን ፊቱ አስቀድሞ የተለሰለሰ አጭር ፋይበር አለ፤ የእርስዎ ገመድ ተቆርጦ ከእሱ ጋር በዝልግልግ ቅባት አማካይነት ይገናኛል። መቁረጫው ከደነዘ ወይም ገመዱ ከተጎተተ ክፍተት ይፈጠራል። ሠርቶ ሠርቶ መቋረጡ ይህንንም ያስጠረጥራል። እኔ ፋብሪካ የሠራው ጫፍ ሁለት ፋይበር አቅልጦ በሚያጋጥም ስፕላይስ ማሽን እንዲበየድ እመርጣለሁ፤ ዋጋው ቢጨምርም ምልልሱን ያስቀራል።

እርስዎ ራስዎ አያጽዱት። ወደ ጫፉም አይመልከቱ፤ 1310 እና 1490 ናኖሜትር የሆነው የሌዘር ብርሃን ለዓይን አይታይም። ባለሙያው ግን ሳይሰካ በፊት በ200 ወይም በ400 እጥፍ በሚያጎላ መመርመሪያ ይይ፣ ያጽዳ፣ እንደገና ይይ። ቱቦው ውስጥ የተቀመጠውን ጫፍም አይርሳ፤ አንዱን አጽድቶ ቆሻሻ ላይ መሰካት ድካም ብቻ ነው። ለዚህ እንደ እስክሪብቶ የሚያዝ ማጽጃ አለ። ፈሳሽ ካስፈለገ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ይሁን፤ 70 በመቶው ውስጥ ያለው ውኃ እድፍ ይተዋል። የፕላስቲክ ቆቡን ደግሞ አትመኑት፤ ብዙ ጊዜ አቧራውን የሚያመጣው እሱ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሞደሙ ጋ የደረሰውን ብርሃን ለክቶ ንባቡን ከቀኑ ጋር ሳጥኑ ላይ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁት። የብርሃኑ ጥንካሬ የሚለካው በዲቢኤም ነው፤ ደረጃው ክፍል ቢ ፕላስ በሚባለው መሣሪያ የመጨረሻው ዝቅተኛ ወሰን ነጌቲቭ 27 ዲቢኤም ነው፤ ንባቡ ወደዚያ ከተጠጋ ሂሳቡን ከመክፈልዎ በፊት እንደገና ያስመርምሩ።