ያነከሰ ውርንጭላ ሲመጣላችሁ

ሰሞኑን አዲስ ከተመረቁ የእንስሳት ሐኪሞች ጋር ስንጨዋወት አንዱ "ዶክተር፣ ያነከሰ ውርንጭላ ሲመጣልዎ መጀመሪያ ምን ያደርጋሉ?" አለኝ። ቴርሞሜትር አወጣለሁ አልኩት። ሳቀ፣ ቀልድ መሰለው።

ቀልድ አይደለም። ደብረ ብርሃን ዙሪያ ባለ ባዝራውን ሁሉ ብትጠይቁ ያነከሰ ውርንጭላ "እናቱ ረግጣው ነው"። እኔም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አምኜ ነበር። አንጎለላ አካባቢ አንድ አባወራ የአስር ቀን ውርንጭላ አሳዩኝ፣ የኋላ እግሩ መገጣጠሚያ ትንሽ አብጧል። ሙቀቱን አልለካሁም። እትብቱንም ጎንበስ ብዬ አላየሁም። ማስታገሻ ወጋሁትና "ይሻለዋል" ብያቸው ሄድኩ፣ በማግስቱም ተሻለው! በሳምንቱ ስመለስ ግን ሁለት መገጣጠሚያ አብጦ መነሳት አቅቶት፣ ያበጠው ቦታም በጋለ ብረት ተተኩሶ አገኘሁት። ሰውየው አልተቆጡኝም። "የእግዜር ነገር ነው፣ ምን ታረገዋለህ" አሉኝ። የእግዜር ሳይሆን የእኔ ነበር፤ እስካሁን የሚከነክነኝም ይሄ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ውርንጭላ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከልለት ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የባዝራ የእንግዴ ልጅ እንደ ሰው አያሳልፍለትም፣ ከእንገሩ ነው የሚያገኘው። አንጀቱ ያንን የሚቀበለው ለ24 ሰዓት ያህል ብቻ ነው፣ ደህና አድርጎ የሚቀበለው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት። በደጋ ብርድ ሌሊት የተወለደ፣ ቶሎ ቆሞ ያልጠባ፣ ወይም እናቱ ጠዋት ለገበያ የተጫነችበት ውርንጭላ ባዶ እጁን ቀረ። ባክቴሪያው በእትብቱ ወይም በአንጀቱ ገብቶ በደም ይዞራል። እያደገ ያለ አጥንት ጫፍ ላይ ደም ሥሮቹ ቀጫጭን ናቸው፣ ደሙም ይዘገያል፣ እዚያ ይሰፍርና አጥንቱን መብላት ይጀምራል። እግሩ ላይ የምታዩት እብጠት መነሻው ደሙ ነው።

ስለዚህ ተረገጠ ቢሏችሁም ተመርቅዟል ብላችሁ ጀምሩ። ሙቀቱን ለኩ፤ የጤነኛ ውርንጭላ ሙቀት ከ37.2 እስከ 38.9 ዲግሪ ነው። እትብቱ ረጥቧል? ወፍሯል? ደረቅ ቢሆንም አትዘናጉ፣ መግሉ ሆዱ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ራጅ ያለበት ቦታ ብትሆኑም በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጥንቱ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፣ አትመኑት፣ ከሳምንት በኋላ ድገሙት። ማስታገሻ ማንከሱን ይደብቃል፣ ሲበዛም ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳል። ዴክሳን (ዴክሳሜታዞን፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ስቴሮይድ) ጭራሽ አትንኩ።

ሕክምናው ቦርሳችሁ ውስጥ የተገኘችውን ኦክሲ (ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ) አንዴ ወግቶ መሄድ አይደለም። ፔኒሲሊንና ጄንታማይሲን አንድ ላይ እንጠቀማለን፤ ጄንታማይሲን ኩላሊት ስለሚነካ ውርንጭላው እየጠባ መሆኑን አረጋግጡ። መገጣጠሚያው መግል ከያዘ መታጠብ አለበት፤ አስተኝታችሁ፣ ፀጉሩን ላጭታችሁ፣ በአንድ መርፌ ንጹሕ ሳላይን (የጨው ውኃ) አስገብታችሁ በሌላው ታስወጣላችሁ፣ ጥርት ብሎ እስኪወርድ። ሳላይኑ የሰው ፋርማሲ ይገኛል። አንዳንዴ አንድ ጊዜ አይበቃም።

እንደ እኔ ትልቁ ስህተት ግን በሦስተኛው ቀን ማቆም ነው። ማንከሱ ይቀንሳል፣ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ የመድኃኒት ብርም ይቆጥባል። አጥንት ውስጥ የገባ ግን ሳምንታት ይፈልጋል፣ አራትም ከዚያም በላይ። ይሄንን በመጀመሪያው ቀን ከነዋጋው ንገሩ። ሦስት አራት መገጣጠሚያ ከተያዘ፣ ብሩም ከሌለ፣ "እንሞክር" እያላችሁ ድሃ አታራቁቱ። በሬ ቢሆን ታርዶ ይበላል፤ ፈረስ ግን መንገድ ዳር ይጣልና ማታ ጅብ ይጨርሰዋል። ሳይሰቃይ እንዲያርፍ ማድረግም ሥራችን ነው፣ መናገሩ ቢከብድም።

ጫጫ አካባቢ አንዲት እናት ነበሩ። ለታመመው ውርንጭላቸው 28 ቀን መርፌ ስላቸው፣ ማንበብ ስለማይችሉ ግድግዳው ላይ በከሰል መስመር እያሰመሩ ቆጠሩ፣ መርፌውን የሚወጋው ልጃቸው አንድ ቀን እንኳ እንዲያመልጠው አልፈቀዱም። ላየው ስሄድ ውርንጭላው እናቱን እየዞረ ይጋልባል። መስመሮቹን ቆጠርኳቸው፣ 30 ናቸው።

"ሁለቱ ምንድን ናቸው እማማ?"

"አንተ ብትሳሳትስ ብዬ ነዋ!"