የዛገ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ አሮጌ የአደን ጠመንጃ እድሳት የፈለጋችሁትን ጠይቁ ብዬ ነበር። የመጡትን በተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የአያቴ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ቆጥ ላይ ዝጎ ተገኘ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ባዶ መሆኑን ከማረጋገጥ። ክፈተውና በሁለቱም ቀዳዳ ብርሃን አሳልፈህ እይ። አልከፈት ካለ አትደብድበው፤ ባለሙያ ይየው። በአፉ ባሩድ የሚጎርስ ዓይነት ከሆነማ የድሮው ባሩድ ዛሬም ውስጡ ሊኖር ይችላል። ወረቀቱንም ቀድመህ ጨርስ። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ብፈገፍገውስ?

መልስ፦ እባክሽ ተይው። ከዝገቱ ጋር ቅርጻ ቅርጹና የሠሪው ምልክት ይጠፋል። ማንነቱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ዘይት ቀብተሽ አሳድሪው፤ ከዚያ በመዳብ ቁራጭ ቀስ እያልሽ ፋቂው። መዳብ ከብረት ስለሚለሰልስ ዝገቱን እንጂ ብረቱን አይጭርም። ቡናማው ቀለም ቢቀር ይቅር፤ ዕድሜው ነው።

ጥያቄ፦ በኬሚካል ቀቅሎ ብረት የሚያጠቁር ሰው አግኝቻለሁ። ልስጠው?

መልስ፦ በፍጹም! እዚህ ላይ ብዙ ጥሩ ጠመንጃ አልቋል። ሁለቱ አፈሙዞች የተያያዙት በቆርቆሮና በእርሳስ ብየዳ ነው። ያ ኬሚካል ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት፣ 140 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላ ነገር ነው። ብየዳውን ይበላዋል፤ በመሃል ገብቶም ከውስጥ ያዝገዋል። አፈሙዞቹ ይላቀቃሉ። ለነጠላ አፈሙዝ ይሆናል፣ ለዚህ ግን አይሆንም።

ትክክለኛው መንገድ የድሮው ነው። ብረቱን ሆን ብለህ በስሱ ታዝገዋለህ፣ በንጹህ ውሃ ትቀቅለዋለህ፣ ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ይለወጣል። የላዩን ጠርገህ ደጋግመህ ትሠራዋለህ። ቀናት ይፈጃል፤ ግን የፈላ ውሃ ብየዳውን አያቀልጠውም።

ጥያቄ፦ ስጠርገው እንደ ውሃ ሞገድ ያለ መስመር ወጣ። ተሰንጥቆ ይሆን?

መልስ፦ አይዞሽ፣ ደማስቆ የሚባለው አፈሙዝ ነው። ብረትና አረብ ብረት አብረው ተገምደው፣ በዘንግ ላይ ተጠቅልለው፣ በመዶሻ ተቀጥቅጠው የተሠሩ ናቸው። የቤልጂየሟ ሊዬዥ በዚህ ሥራ ስመ ጥር ነበረች። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የላቲን ፊደሎች ካየሽ የዚያ ከተማ የፍተሻ ማኅተም ነው።

ጥያቄ፦ ሰደፉ ደርቋል፤ ቫርኒሽ ልቀባው?

መልስ፦ ቫርኒሽ አይቀቡት አባቴ። የተልባ ዘይት በመዳፍዎ በስሱ ያሹት፣ ትርፉን ይጥረጉ፣ ይድረቅ፣ ይድገሙት። የጠረጉበትን ጨርቅ ግን ጨብጠው አይጣሉት፤ በራሱ ግሎ እሳት ያስነሳል። ውሃ ውስጥ ይንከሩት።

ጥያቄ፦ ከታደሰ በኋላ ልተኩስበት?

መልስ፦ ባለሙያ የአፈሙዙን ውፍረት ሳይለካና ሳይፈትሽ አይሆንም። ደማስቆው የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ዘመን ነው። የብዙ አሮጌዎች የጥይት ማደሪያ 65 ሚሊ ሜትር ሲሆን የዛሬው ጥይት 70 ነው። ስለገባ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ ሲተኮስ ቀለሁ የሚከፈትበት ቦታ ያጣና ግፊቱ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ በቆዳ ማኅደሩ ላስቀምጠው?

መልስ፦ አይሆንም፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ዘይት ቀብተህ፣ አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ፣ ተቆልፎበት ይቀመጥ።