አንድ ፐብ፣ ሁለት ዓይነት ወሬ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ማለፍ አልቻልኩም፤ የማውቀውን ነገር ነው የጠየቅሽው። ላላነበባችሁት ባጭሩ፦ እህታችን የምትኖረው ለንደን ነው። እናቷ ከአዲስ አበባ ሊጠይቋት መጥተዋል። እሁድ ምሳ ኮትስዎልድ በሚባለው የእንግሊዝ ገጠር ወዳለ አንድ የቆየ ፐብ (መጠጥና ምግብ ቤት) ልትወስዳቸው አስባለች። ግን የደንበኞቹን አስተያየት ስታነብ ግራ ገባት። ግማሹ “እንዲህ ያለ ቤት አይቼ አላውቅም” ይላል። ግማሹ አንድ ኮከብ ሰጥቶ “ቢራው ሙቅ ነው፣ የሚታዘዝ ሰው የለም፣ ምግብ አልቋል ተባልን፣ ውሻ እግራችን ሥር ተኝቶ ነበር” እያለ ያማርራል። በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው፤ እናትየው ጾመኛ ናቸው። ማንን ልመን ነው የምትለው።

ሁለቱንም እመኚ። አንዳቸውም አልዋሹም።

እኔ ያለሁት ኦክስፎርድሽር ገጠር ውስጥ ነው። ፐብ ቤት ሳህን ከማጠብ ጀምሬ ኪችን ገባሁ፣ ከዚያ ባር ጀርባ ቆሜ ሠራሁ። አሁን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ፤ ፐብ የምሄደው እንደ ማንም ደንበኛ ነው። ስለዚህ የሚያማርረውንም የሚማረርበትንም አውቀዋለሁ።

ኮከቡን ተይውና ሰውየው በምን እንደተናደደ አንብቢ። አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ሬስቶራንት መስሎት ከገባ ሰው ነው። ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። 10 ደቂቃ፣ 20 ደቂቃ። ማንም አይመጣም። ተናዶ ይወጣና አንድ ኮከብ ይሰጣል። በገጠር ፐብ ግን ብዙውን ጊዜ አንቺ ነሽ ወደ ባሩ የምትሄጂው። የጠረጴዛሽን ቁጥር አይተሽ ትነሻለሽ፣ ባሩ ላይ ታዢያለሽ፣ እዚያው ትከፍያለሽ፣ መጠጡን ራስሽ ይዘሽ ትመለሻለሽ። ምግቡን ያመጡልሻል። ባሩ ፊት ሰልፍ የለም፤ ግን ማን ቀድሞ እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፣ ሻጩም ያውቃል። ብር ማውለብለብ፣ “ሄሎ” እያሉ መጣራት፣ ይባስ ብሎ እንደ አገር ቤት ማጨብጨብ፣ መጨረሻ ላይ እንድትስተናገጂ ያደርግሻል። ሻጩን በዓይን አይተሽ ቆሚ፤ ተራሽ ይደርሳል።

ጉርሻም ግዴታ አይደለም። ደስ ካለሽ ሻጩን “አንድ ለራስህም” ትዪዋለሽ፤ የአንድ መጠጥ ዋጋ ይጨምርበታል። ምግብ ላይ ያተኮሩት ቤቶች ግን አሁን አሁን የአገልግሎት ክፍያ ሂሳቡ ላይ ይደምራሉ። “ዘረፉን” የሚሉ አስተያየቶች አንዳንዶቹ ከዚህ የመጡ ናቸው። ካልፈለግሽ እንዲያነሱልሽ መጠየቅ ትችያለሽ፤ ነውር የለውም።

“ምግብ አልቋል” የሚለው ቅሬታ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከውስጥ ስላየሁት። የገጠር ፐብ ኪችን ጠባብ ነው። እሁድ ጠዋት ሼፉ ቦታ የያዘውን ሰው ቆጥሮ፣ ትንሽ ግምት ጨምሮ፣ ሥጋውን ኦቨን ይከታል። ትልቅ የበሬ ሥጋ በአንድ ሰዓት አይደርስም። ስለዚህ 2 ሰዓት ላይ (ሰዓቱን በዚህ አገር አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያለቀ ነገር አልቋል። እኔ የሠራሁበት ቤት ምግቡ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነበር የሚጻፈው። ከኪችን “በጉ አለቀ!” የሚል ድምፅ ሲመጣ እርጥብ ጨርቅ ይዤ እወጣና መስመሩን እጠርጋለሁ። ሰሌዳውን እያዩ የቆሙት ሰዎች ፊት ሲለወጥ አያለሁ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ የተቀመጠው ሰው ሥጋው ከውስጥ ሮዝ ሆኖ፣ ድንቹ ከላይ ኩርሽም እያለ፣ ዮርክሻየር ፑዲንጉ (ከሥጋው ጋር የሚቀርበው የተጋገረ ሊጥ) ተነፍቶ መጣለት። 3 ሰዓት ላይ የመጣው የተረፈ ዶሮና ሁለት ጊዜ የሞቀ ካሮት ደረሰው። ቀኑ አንድ፣ ሼፉ አንድ። ማታ ሁለቱም ቤታቸው ገብተው ጻፉ።

ሰዓቱ ጨካኝ ነው። በአዘቦት ቀን ብዙ የገጠር ኪችን ከምሳ በኋላ 2 ወይም 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይዘጋል፤ እስከ ማታ 6 ሰዓት ድረስ ሻይና የታሸገ የድንች ቺፕስ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሰኞና ማክሰኞ ጭራሽ የማይከፍቱ አሉ። እሁድ ደግሞ ብዙዎቹ ኪችኑን ከሰዓት በኋላ ይዘጋሉ፣ ማታ ምግብ የለም። ይሄ ስንፍና አይደለም፤ የገጠር ቤት ሠራተኛም ገበያም ስለሌለው ነው።

ቢራውን በተመለከተ። “ሙቅ ነው” የሚለው ካስክ ኤል የሚባለውን የጠጣ ሰው ነው። ይህ ቢራ እንደ ጠላችን በርሜሉ ውስጥ ሆኖም እየፈላ ነው፤ እርሾው ሕያው ነው። ጋዝ አይጨመርበትም፣ በእጅ ፓምፕ እየተሳበ ይቀዳል። ምድር ቤቱ ውስጥ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ቀዝቃዛ ድራፍት ለለመደ ሰው ይሄ ለብ ያለ ነው። ጣዕሙ ግን እዚያ ሙቀት ላይ ነው የሚወጣው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ትልልቆቹ ጠማቂዎች ይህን ትተው ወደ ጋዙ ሲሄዱ ነው፣ ካምራ የሚባል የጠጪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1971 ተቋቁሞ ይሟገትለት የጀመረው። ፈረንጅ ለቢራው ማኅበር ያቋቁማል ብለሽ አትሳቂ፤ ያንን ቢራ ያተረፉት እነሱ ናቸው።

“ሆምጣጤ ሆምጣጤ አለኝ” የሚለው ቅሬታ ግን እውነተኛ ነው። በርሜሉ ከተከፈተ በኋላ ሦስት ቀን አካባቢ ነው ዕድሜው። ሰው በማይበዛበት ሳምንት፣ ስምንት ፓምፕ የደረደረ ትንሽ የመንደር ፐብ ውስጥ አንዱ መበላሸቱ አይቀርም። ሁለት ወይም ሦስት ፓምፕ ያለውን እመርጣለሁ። የተበላሸ ከደረሰሽ መልሺው። አንዴ የራሴን ወስጄ ባሩ ላይ አስቀመጥኩ። ሴትየዋ አልተከራከረችም። ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አንስታ አየችው፣ አሸተተችው፣ ከሌላ ፓምፕ ቀዳችልኝ። ከዚያ የቢራውን ስም የያዘችውን ትንሿን ሰሌዳ ጀርባዋን ወደ እኛ አዞረቻት። እንደዚያ ከዞረች ያ ቢራ የለም ማለት ነው፤ ማንም አያዝም። ይሄን የምታደርግ ሴት ያለችበት ቤት አንድ ኮከብ ቢደረደርበትም እሄዳለሁ። “አይ፣ ጣዕሙ እንደዚህ ነው” ብሎ የሚሟገት ካጋጠመሽ ግን ምግቡም ያሳስበኛል።

የአስተያየቱን ቀንም እይው። ብዙ ሰው ይሄን ይዘለዋል። ግድግዳውና ስሙ 300 ዓመት የቆየ ይሁን እንጂ፣ ቤቱን የሚመራው ሰው የዛሬ ዓመት የገባ ሊሆን ይችላል። ብዙ ፐቦች የጠማቂ ወይም የትልቅ ኩባንያ ንብረት ናቸው፤ የሚያስተዳድራቸው ተከራይ ነው። ተከራዩ ቢራውን ከባለቤቱ እንዲገዛ ውል ያስረዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 መንግሥት ከ2000 ፐብ በላይ የያዙትን ትልልቅ ጠማቂዎች ሲገድብ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች ራሳቸው ቢራ ወደማይጠምቁ ኩባንያዎች ዞሩ። ውሉ ግን አልቀረም። “ቢራው ውድ ነው፣ ምርጫም የለም” የሚለው ምሬት ብዙ ጊዜ ሥሩ እዚያ ነው። ተከራዩ አላዋጣ ሲለው ይለቃል፣ ሌላ ይገባል፣ ሼፉም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የዛሬ ሦስት ዓመት የተጻፈ ምስጋና ምንም አይነግርሽም። ያለፉትን ሦስት አራት ወራት ብቻ አንብቢ። “አዲሶቹ ሰዎች” የሚል ቃል ካየሽ ከዚያ በፊት ያለውን ዝለይው።

አንዳንድ መንደር ደግሞ ሰዉ ራሱ አዋጥቶ ፐቡን ይገዛል። በሰሜን እንግሊዝ ኩምብሪያ ውስጥ፣ ሄስኬት ኒውማርኬት የሚባል መንደር ያለውን ኦልድ ክራውን የሚባል ፐብ እ.ኤ.አ. በ2003 የኅብረት ሥራ ማኅበር ገዛው፤ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት ካገኘሽ የኔ ልብ ወደዚያ ያደላል። ባሩ ላይ የሚቀዳልሽ ሰው የራሱን ቤት ነው የሚጠብቀው።

አሁን ማንም ደፍሮ ያልጻፈልሽን ልጻፍ። በሩን ስትከፍቺ ሰው ሁሉ ዞሮ ሊያይሽ ይችላል። ወሬው ለአፍታ ይቆማል። እኛ ደግሞ ጥቁር ነን፣ እናትሽም ነጠላ ሊለብሱ ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ ያ ዞሮ ማየት ከሌላ መንደር የመጣ ነጭ ቢገባም ያው ነው፤ የማያውቁት ሰው ስለሆነ ነው የሚያዩት። “ሃሎ” ብለሽ ወደ ባሩ ከሄድሽ ያልፋል። ስለ አየሩ አንድ ነገር ከተናገርሽማ አበቃ፣ ስለ ኢትዮጵያ ይጠይቁሻል፣ ስለ ኃይሌ ገብረሥላሴ ያወሩሻል። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው ግን አልልሽም። ባሩ ላይ ቆሜ እያዩኝ ከኔ በኋላ የመጡትን ሦስት ሰዎች ያስተናገዱበት ቤት ገብቻለሁ። አልተጨቃጨቅኩም፤ ወጣሁ፣ ሁለተኛም አልረገጥኩትም። በአስተያየቶቹ ውስጥ “ለመንደሩ ሰው ብቻ የተሠራ ቤት ነው” የሚል ነገር በተለያዩ ሰዎች ተደጋግሞ ካየሽ ቁም ነገር አድርገሽ ያዢው። አንድ ሰው ብቻ ከጻፈው ያንን ያህል አይደለም።

ውሻው የቤቱ አባል ነው። አብዛኛው የገጠር ፐብ ውሻ ያስገባል፣ ውኃ ሁሉ ያስቀምጥለታል። እናትሽ ውሻ የሚጸየፉ ከሆነ ቦታ ስትይዢ “ውሻ የማይገባበት ክፍል አላችሁ?” በይ። ባሩ ያለበት ክፍልና የምግቡ ክፍል የተለያዩባቸው ቤቶች አሉ፤ ምግቡ ክፍል ውሻ አያስገቡም።

ወደ ጾሙ ልምጣ። “ቪጋን (ከእንስሳ የሚገኝ ምንም የሌለበት) አላችሁ?” ብለሽ ብቻ እንዳታልፊው። አላቸው። እሁድ ብዙ ጊዜ ነት ሮስት የሚሉት፣ ከለውዝና ከአትክልት የሚጋገር ነገር ነው። እሱም ቢሆን አንዳንዴ እንቁላል አለበት፤ ለነሱ ቬጀቴሪያን (ሥጋ የሌለው) የሆነ ሁሉ ለኛ ጾም አይደለም። ጣጣው ግን አጠገቡ የሚቀርበው ነው። የእሁዱ ድንች በብዙ ቤት በዝይ ስብ ወይም በበሬ ሞራ ነው የሚጠበሰው። ግሬቪው የሥጋው ጭማቂ ነው። ዮርክሻየር ፑዲንጉ ወተትና እንቁላል ነው። አረንጓዴው አትክልት ላይ ቅቤ ጣል ይደረጋል። ስተፊንግ የሚሉት የዳቦ ፍርፋሪ ድብልቅ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት፤ ይሄ ለማይጾመውም ማወቅ ያለበት ነገር ነው።

ቤቱ በሕግ ስለ 14 አለርጂ አምጪ ነገሮች የመንገር ግዴታ አለበት። ወተት፣ እንቁላልና ዓሣ ከነዚያ ውስጥ ስላሉ እነሱን ከወረቀቱ ታገኛለሽ። የበሬ ሞራና የዝይ ስብ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ድንቹና ቺፕሱ በምን እንደተጠበሱ ኪችኑን ማስጠየቅ አለብሽ። ከአስተናጋጁ “ምንም የለውም” የሚል መልስ ብቻ አትቀበይ፤ ቅዳሜ ሥራ የጀመረ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ባለቤትሽም የሚጾም ከሆነ፣ ያ የካስክ ቢራ ብዙ ጊዜ ጥርት እንዲል የሚደረገው ከዓሣ ፊኛ በሚሠራ ነገር ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም ክርክር ውስጥ አልገባም፤ የሚወስነው እሱ ነው።

እንግዲህ እኔ ብሆን ሐሙስ ከሰዓት 3 ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ያኔ ፋታ አላቸው። ለ12 ሰዓት ወይም 12 ተኩል ቦታ ያዢ። ነሐሴ ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ ኮትስዎልድ በቱሪስት ይሞላል፤ ሳይያዝ መሄድ አይታሰብም። ስለ ድንቹ ያኔውኑ ጠይቂ። ለብቻ በዘይት እናደርግላቸዋለን ካሉሽ ጥሩ ቤት ነው። እየተነጫነጩ ከመለሱልሽም መልሱን አግኝተሻል። እናትሽ እስከ ቅዳሴ መውጫ ምንም የማይቀምሱ ከሆነ ግን እሁዱን ተይውና ጾሙ ሲፈታ በአዘቦት ቀን ውሰጃቸው። የተሻለ ጸጥታ አለ፤ ኪችኑ መክፈቱን ብቻ አረጋግጪ።

ወንበር ስትመርጪ ከምድጃው አጠገብ ያለውን ጥግ ጠይቂላቸው፤ እሳቱ በነሐሴ ባይነድም ለወሬ ይመቻል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ባለቤትሽ ረጅም ከሆነ ግንባሩን ይጠብቅ። የሚነዳው እሱ ከሆነ ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ገደቡ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም አልኮል ነው። እኔ ግን ለሚነዳ ሰው ለስላሳ ነው የማዝዘው፤ የገጠሩ መንገድ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ልጆች ካሉሽም ብዙ ጊዜ ችግር የለም፣ ምሳ ሰዓት ላይ አብዛኛው ቤት ይቀበላቸዋል።

የፐቡን ስም እዚህ አትጻፊው፣ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። በኛ በኩል ያለ ከሆነ አሁን ማን እንደያዘው እነግርሻለሁ።