የሙኒክ በጋና በዓላቱ፦ ጥያቄና መልስ

ሙኒክ ስኖር ሃያኛ ዓመቴን ይዣለሁ። አገር ቤት ዝናቡ በሚበረታባቸው በሐምሌና በነሐሴ እዚህ በጋ ነው፤ ሕዝቡም ቤቱን ዘግቶ በአደባባይ፣ በመናፈሻና በኢዛር ወንዝ ዳር ይውላል። በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ ተመሳሳይ ጥያቄዎች ስለሚቀርቡልኝ ዘንድሮ የመጡትን በአንድ ላይ ለመመለስ ወሰንሁ። ሰዓቱንም ዓመተ ምሕረቱንም የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ ለሁለት ሳምንት ልትጎበኘኝ ትመጣለች። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የምታይበት ወቅት የትኛው ነው?

መልስ፦ ከጁላይ አጋማሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ያለውን ጊዜ ይምረጡ። በጁን አጋማሽ ገደማ በኦሊምፒክ ፓርክ ደቡባዊ ክፍል የሚከፈተው ቶልዉድ የሚባለው የሙዚቃና የእጅ ሥራ ፌስቲቫል ያኔ ገና አይዘጋም፤ ኮኸርልባል የሚባለው የማለዳ ጭፈራ በጁላይ ሦስተኛ እሑድ ይውላል፤ ከ1875 ጀምሮ የሚካሄደው የኦፔራ ፌስቲቫልም የሚጠናቀቀው በጁላይ 31 ነው። ለእናትዎ ከሁሉ የሚስማማው ግን፣ እኔን ከጠየቁኝ፣ አወር ዱልት ነው። ዱልት ማለት የቆየ የገበያ በዓል ሲሆን በማሪያሂልፍ አደባባይ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ለዘጠኝ ዘጠኝ ቀን ይቆማል። የበጋው ዱልት በቅዱስ ያዕቆብ ስም የሚጠራ ሲሆን በጁላይ 25 ወይም ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ይጀምራል። ሰሐን፣ ድስት፣ የሸክላ ዕቃ፣ የእንጨት ማንኪያና አሮጌ የቤት ቁሳቁስ በረድፍ በረድፍ ተደርድሮ ስለሚሸጥበት፣ መርካቶን የምታውቅ እናት ቋንቋውን ሳታውቅ እንኳን በደንብ ትገበያይበታለች። የሻንጣዋን ኪሎ ግን አስቀድመው ይመዝኑ።

ጥያቄ፦ ሦስት ልጆች አሉን፤ ደመወዝተኛ የሆንሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ሳንከፍል ልንታደመው የምንችለው ነገር አለ?

መልስ፦ ከሚከፈልበት የማይከፈልበት ይበዛል፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ማስታወቂያው ጎልቶ የሚታየው የቲኬቱ ዝግጅት ስለሆነ ነው። ከ1988 ጀምሮ በሚካሄደው ቶልዉድ ወደ ግቢው መግባት በነፃ ነው፤ የሚከፈለው በትልቁ ድንኳን ውስጥ ለሚቀርበው ኮንሰርት ሲሆን፣ የጎዳና ትርኢቱንና የእጅ ሥራ ድንኳኖቹን እየዞሩ መመልከት ምንም አያስከፍልም። በዚያው ፓርክ፣ በሐይቁ ዳር ባለው ቴአትሮን በሚባል ክፍት መድረክ፣ በኦገስት በየምሽቱ ማለት ይቻላል ነፃ የሙዚቃ ዝግጅት አለ። ኦፔራ ቤቱም በፌስቲቫሉ ወቅት «ኦፔራ ለሁሉም» በሚል ስም በማክስ ዮሴፍ አደባባይ ትልቅ ስክሪን ተክሎ፣ ውስጥ የሚታየውን ትርኢት በቀጥታ ለሕዝብ ያሳያል። ውስጥ ያለው ታዳሚ በክራባትና በረጅም ቀሚስ፣ ውጭ ያለው ደግሞ በድንጋይ ንጣፉ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ልጆችዎ ኦፔራውን ባይወዱት እንኳን ምንጣፉን ይወዱታል።

በኦሊምፒክ ስታዲየም ትልቅ ዘፋኝ ሲመጣ ደግሞ ሕዝቡ ከጎኑ ባለው ኮረብታ ሣር ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። በጁላይ 2024 ቴይለር ስዊፍት ሁለት ምሽት ስትዘፍን ቲኬት ያላገኙ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ኮረብታውን ሞልተውት ነበር። ኮረብታው ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከፈራረሰው ከተማ የተጠረገ ፍርስራሽ ክምር መሆኑን ለትልልቆቹ ልጆች ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ቢየርጋርተን በሚባለው፣ በዛፍ ጥላ ሥር ቢራ በሚሸጥበት ግቢ ውስጥ የራስን ምግብ ይዞ መግባት ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? እንጀራም ቢሆን?

መልስ፦ እውነት ነው፤ እንጀራም ቢሆን። እኛ በየዓመቱ አንድ እሑድ በእንግሊዝ መናፈሻ ውስጥ ባለው የቻይና ግንብ ሥር፣ ሰባት ሺህ ያህል ሰው በሚያስቀምጠው ቢየርጋርተን፣ መሶብ ይዘን እንሄዳለን፤ እስካሁን ማንም ተነሡ አላለንም፤ እንዲያውም ሽሮው ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ጎረቤት አንድ ቀንም ጠፍቶ አያውቅም።

ልማዱ ግን በቸርነት የመጣ አይደለም። ሙኒክ ባለችበት በባቫርያ ክፍለ ሀገር የድሮ ደንብ ቢራ በበጋ አይጠመቅም ነበር፤ ሙቀቱ ያበላሸዋል፣ የጠመቃው እሳትም ለቃጠሎ ያሰጋል ተብሎ ጠመቃው ከሴፕቴምበር ማለቂያ እስከ አፕሪል ብቻ ተፈቅዶ ነበር። ስለዚህ ጠማቂዎች በክረምት የጠመቁትን በኢዛር ዳር በቆፈሩት ጓዳ ያስቀምጡና መሬቱ እንዲቀዘቅዝ ከላይ ቅጠለ ሰፊ ዛፍ ይተክሉ ነበር፤ ዛሬ በየቢየርጋርተኑ የምናየው ጥላ ከዚያ የቀረ ነው። ሕዝቡ ከጥላው ሥር ተቀምጦ መጠጣት ሲጀምር ደንበኛ የቀነሰባቸው የከተማው ምግብ ቤቶች አቤት አሉ፤ ንጉሥ ማክሲሚሊያን ቀዳማዊ ዮሴፍም በ1812 ጠማቂዎቹ ቢራ ለመሸጥ ቢፈቀድላቸውም ከዳቦ በቀር ምግብ እንዳያቀርቡ አዘዘ። ጠጪውም ምግቡን ከቤቱ ይዞ መምጣት ግድ ሆነበት። ክልከላው ከተነሣ በኋላ ልማዱ መብት ሆኖ ቀረ።

ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። የጠረጴዛ ልብስ የለበሰ ጠረጴዛ አስተናጋጅ ያለው የምግብ ቤቱ ክፍል ስለሆነ ምግብ የሚዘረጉት ልብስ በሌለው ጠረጴዛ ላይ ነው። መጠጥ ደግሞ ከዚያው ይገዛል፤ ጠጅና ጠላ ከቤት ይዞ መግባት አይፈቀድም። ቢራ የማይጠጣ ሰው የአፕል ጁስና የጋዝ ውኃ ቅልቅሉን ይዞ ቢቀመጥ ማንም ግድ አይለውም። ለብርጭቆው መያዣ ተከፍሎ ከሆነ ሲመልሱት ገንዘብዎን ይቀበላሉ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ነገር ገና ሳይመሽ የሚዘጋው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በጎረቤት እንቅልፍ ምክንያት። በ1995 ፍርድ ቤት በሙኒክ ጫፍ ያለ አንድ ቢየርጋርተን ከምሽቱ 9፡30 ላይ እንዲዘጋ ሲወስን ወደ ሃያ ሺህ የሚጠጋ ሰው ሰልፍ ወጣ፤ «የቢየርጋርተን አብዮት» ይሉታል። ከዚያ በኋላ በ1999 በወጣው ደንብ ሙዚቃው 10፡00፣ መሸጡ 10፡30፣ ግቢው 11፡00 ላይ ያበቃል። የእኛን የሠርግ ምሽት የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ማዘኑ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ስለ ኮኸርልባል ሰምቼ ነበር፤ ግን በእርግጥ ሰው ከሌሊቱ ተነሥቶ ለጭፈራ ይሄዳል?

መልስ፦ ይሄዳል፤ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው። ጭፈራው በቻይና ግንብ ሥር ከጠዋቱ 6፡00 ጀምሮ እስከ 10፡00 ይቆያል፤ መቀመጫ የሚፈልግ ግን ገና ጎሕ ሳይቀድ በሻማ ብርሃን ጠረጴዛ ይይዛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የባለጠጎች ቤት ወጥ ቤቶች፣ ገረዶችና አሽከሮች በቀን ነፃ ጊዜ ስላልነበራቸው፣ እሑድ ጌቶቻቸው ሳይነሡ ከማለዳው ጀምረው እዚህ ይጨፍሩና ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር። በ1904 ባለሥልጣናቱ «ለሥነ ምግባር አይመችም» ብለው ከለከሉት፤ በ1989 መናፈሻው የተመሠረተበት 200ኛ ዓመት ሲከበር እንደገና ተጀመረ። የባቫርያን ልብስ ወይም የድሮ ወጥ ቤት ሽርጥ የሚለብስ ይበዛል። ባለፈው ዓመት አንዲት የእኛ እኅት በሐበሻ ቀሚስ መጥታ ከማንም በላይ ፎቶግራፍ ስትነሣ አይቻለሁ። ለእኔ በሙኒክ ከሚደረገው ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ነው፤ በሰው ቤት ተቀጥሮ መሥራት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ወገን ብዙ ስለሆነ ታሪኩ ይነካል።

ጥያቄ፦ እኔ ጿሚ ነኝ። የበጋው በዓል ከጾም ጋር እንዴት ይስማማል?

መልስ፦ ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ቀኖቹን ማስተያየት ያስፈልጋል። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5፣ ማለትም በጁላይ 12፣ ይፈታል፤ ፍልሰታ ደግሞ በኦገስት 7 ይገባል። በመካከል ያለው ጊዜ ረቡዕና ዓርብ ሲቀሩ የፍስክ ነው፤ ኮኸርልባሉም፣ የበጋው ዱልትም፣ የኦፔራው ማብቂያም የሚውሉት በዚሁ ውስጥ ነው። የኦገስቱ የቴአትሮን ሙዚቃ በአብዛኛው በፍልሰታ ይውላል፤ እሱን ሱባዔ የያዘ ሰው ራሱ ይፍረድ። በጾም ወቅት ለሚወጣ ሰው ቶልዉድ ከእንስሳት ተዋጽኦ ነፃ የሆነ ምግብ በብዛት አለው። በቢየርጋርተን ኦባትስዳ የሚባለው ቀይ ቅባት አይብ ስለሆነ አይሆንም፤ በጨው የሚቀርበው ነጭ ፍጅል ይሆናል፤ ብሬትሰሉን ግን ቅቤ ወይም ሞራ እንዳለበት መጠየቅ ይበጃል። በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበሰው ዓሣም አለ፤ በዓሣ ጉዳይ በእኛው መካከል ያለውን ክርክር እኔ አልፈታውም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ኦገስት 15 ካቶሊኮች የእመቤታችንን ዕርገት የሚያከብሩበት ቀን በመሆኑ በሙኒክ የሕዝብ በዓል ነው፤ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው። እኛ በዓሉን የምናከብረው ከሳምንት በኋላ ነሐሴ 16 ቢሆንም፣ ሥራ የሚያስቀር ቀን በፍልሰታ መካከል ስለሚሰጠን ለቅዳሴ እንጠቀምበታለን። የቤት አስቤዛ ግን ከዋዜማው ይገዛ።

ጥያቄ፦ ኦክቶበርፌስት የበጋ በዓል ነው? ሕፃናት ይዞ መሄድስ ይቻላል?

መልስ፦ በጋው ካለቀ በኋላ ነው፤ ከሴፕቴምበር 15 ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የከተማው ከንቲባ የመጀመሪያውን የቢራ በርሜል ሲከፍት ይጀምራል። በ1810 በኦክቶበር የተጀመረው በልዑል ሉድቪግና በልዕልት ቴሬዘ ሠርግ ነበር፤ በኋላ ለአየሩ ሲባል ወደ ሴፕቴምበር ተሳበ እንጂ ስሙ አልተለወጠም። መስቀል ሁልጊዜ በመካከሉ ይውላል። ከሕፃናት ጋር የሚሄዱ ከሆነ ማክሰኞ በቀን ይሂዱ፤ የቤተሰብ ቀን ስለሆነ መጫወቻዎቹ ይረክሳሉ። ቅዳሜ የሕፃን ጋሪ አይገባም፤ በሌሎቹም ቀኖች ከምሽቱ 6፡00 በኋላ አይፈቀድም። ከስድስት ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከምሽቱ 8፡00 በኋላ በቢራ ድንኳን ውስጥ መቆየት አይችልም። ትልቅ ቦርሳ በሩ ላይ ይመለሳል። በአብዛኞቹ ዓመታት በስተ ደቡብ የሚቆመው «አሮጌው ቪዝን» የሚባለው የበዓሉ ክፍል አነስተኛ መግቢያ ቢያስከፍልም ጸጥ ያለ ነውና አረጋውያንን ወደዚያ ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ማኅበራችን በአንድ የጎዳና ፌስቲቫል ላይ የቡና ሥርዓት ማሳየት ይፈልጋል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከዚህ አገር ክረምት፣ ከብርዱ ወራት፣ ጀምሩ፤ በግንቦት የሚያመለክት ቦታ አያገኝም። አዘጋጆች ከግለሰብ ይልቅ በፍርድ ቤት ከተመዘገበ ማኅበር ጋር መዋዋል ይመርጣሉ፤ ለመመዝገብ ቢያንስ ሰባት አባላት ያስፈልጋሉ። ምግብና መጠጥ የሚነካ ሰው የጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠውን የተላላፊ በሽታ ገለጻ ወስዶ ወረቀቱን ይያዝ። ጠጅ ልሽጥ የሚል ደግሞ ከከተማው አስተዳደር ጊዜያዊ የመጠጥ ፈቃድ ያውጣ። በካሴትም ሆነ በስልክ ሙዚቃ ለሕዝብ ካሰማችሁ ጌማ ለሚባለው የደራስያን መብት ሰብሳቢ መክፈል ሊኖር ስለሚችል ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ አስፍሩ።

ስለ ከሰሉ ከራሴ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ በአንድ በዓል ላይ ማንንም ሳንጠይቅ ከሰል አቀጣጥለን ቡናውን ስንቆላ ጭሱ ከጎረቤት ድንኳን ገባ፤ የእሳት ጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ አስጠፋን፤ ጀበናውም ሳይፈላ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ እንቆላለን፤ ዕጣኑንም ቢሆን አስፈቅደን ነው የምናጨሰው።

ጥያቄ፦ በ1972 ኦሊምፒክ አትሌቶቻችን ሙኒክ ሮጠው ነበር። ከዚያ የቀረ የሚታይ ነገር አለ?

መልስ፦ ስታዲየሙ አለ። ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ነሐስ ያገኘው በዚያ ነው፤ ለ5,000 ሜትሩ ውድድር በሰዓቱ ሳይደርስ የቀረውም በዚያው ነው፤ ቁጭቱን ከስምንት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ በሁለት ወርቅ ተወጣው። ማሞ ወልዴ ደግሞ በሴፕቴምበር 10 በማራቶን ሦስተኛ ወጣ፤ ያኔ አርባ ዓመቱ ነበር። የሩጫው መስመር የጨዋታዎቹ ምልክት በነበረው ቫልዲ በተባለው ውሻ ቅርጽ የተነደፈ ሲሆን፣ ሯጮቹ በኒምፈንቡርግ ቤተ መንግሥት መናፈሻ በኩል አልፈው የእንግሊዝን መናፈሻ አቋርጠዋል። ቶልዉድ ወይም ቴአትሮን ስትሄዱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱና፣ በዚያው ጨዋታ ለተገደሉት 11 እስራኤላውያንና ለአንድ ጀርመናዊ ፖሊስ የቆመውን መታሰቢያም ተመልከቱ፤ በፓርኩ ውስጥ ነው።

ጥያቄ፦ ዝናብ ቢጥልስ?

መልስ፦ በጁላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጠንከር ብሎ ቶሎ ያልፋል። ቶልዉድ በድንኳን ስለሆነ ይቀጥላል፤ ዱልቱም ሸራ አለው። ኮኸርልባል ግን ክፉ ዝናብ ከሆነ ይሰረዛልና፣ መሶቡን ከማሰናዳታችሁ በፊት ቅዳሜ ማታ የአየሩን ትንበያ ተመልከቱ። የቀረውን ጃንጥላ ይበቃዋል።