«አልቅስ፣ ፊናንስ መጣ!»

ሰላም ለእርስዎ ይሁን እትዬ፤

አምድዎን ሁሌ አነባለሁ እንጂ አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። አሁን ግን በቃኝ።

እናቴ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ቤታችን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው። ማታ ማታ ልጆቼን ሰብስባ የምታወራቸው አንድ ወሬ ብቻ ነው፦ ኮንትሮባንድ። ከጅቡቲ በባቡር ዕቃ ታመጣ የነበረበትን ዘመን። በዚያ ሙቀት ድሪያ የሚባለውን ስስ ቀሚስ አንዱን በአንዱ ላይ ስድስት ደርባ፣ ሽቶውን ጡቷ ሥር ሸጉጣ፣ ፊናንሶቹን፣ የጉምሩክ ፖሊሶቹን ማለቴ ነው፣ እንዴት እንደሸወደቻቸው። ፊናንሱ ጆንያውን ሁሉ በብረት እየወጋ ሲመጣ እሷ የራሷ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። በማግስቱ ስታወራው ድሪያው ስምንት ይሆናል።

እኔ ባንክ ነው የምሠራው። ባለቤቴ አስተማሪ ነው። የተከበረ ቤት ነው ያለን። ባለፈው አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው ምሳ ላይ ተቀምጠን ትልቋ ልጄ «እማማ እኮ ኮንትሮባንዲስት ነበረች!» አለቻቸው። በኩራት! አማቴ ጉርሻቸውን እንደያዙ ቀሩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጨዋታቸውም ይሄው ሆኗል። ትልቋ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቀሚሶቿን ሁሉ ደራርባ ትለብስና እየተንገዳገደች ሳሎን ለሳሎን ትዞራለች። የአራት ዓመቱ ወንድሟ በመጥረጊያ እንጨት ሶፋውን ይወጋል። ቅዳሜ ዕለት ደግሞ «አልቅስ፣ ፊናንስ መጣ!» ብላ ቆንጥጣው ክንዱ ትንሽ በልዞ ነበር። የልጅ ነገር ነው።

እናቴን ስንቴ ለመንኳት መሰለዎት። «ሰርቄ አይደለም ያሳደግኩሽ» ትልና ታኮርፋለች። ሲመሽ እንደገና ትጀምራለች። ባለቤቴ «ተያት፣ አሮጊት ናት» ይላል። ለእሱ ቀላል ነው፤ የእሱ እናት በስድስት ድሪያ አልተሳፈሩም።

እኔም እኮ አንዳንዴ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ፊናንሶቹ ሲገቡ ትቆነጥጠኛለች፣ እኔ እጮኻለሁ፣ እሷ «ልጄን አሟት ነው» ትላለች፣ ትተውን ያልፋሉ። እዚህ ላይ ስትደርስ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እኔም እስቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ የማስታውሰው የሚያስቅ አይደለም። ከመቆንጠጡ በፊት እጇ ወደ ክንዴ ሲመጣ አየው ነበር። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ልጆቼ ፊት ይሄን ብናገር እናቴን ማዋረድ ነው? ወይስ ወሬውን እንድታቆም ቁርጡን ልንገራት?

ግራ የገባት እናት፣ ከድሬዳዋ

*

እህቴ፣

የትንሹ ክንድ እንዴት ሆነ? «ትንሽ በልዞ ነበር፣ የልጅ ነገር ነው» ብለሽ በአንድ መስመር አለፍሽው። ለአማትሽ ጉርሻ ግን አንድ አንቀጽ ሰጠሽ!

ስለ አማትሽ አላዝንልሽም። ሕግ ሕግ ነው፣ ጉምሩክን ልወቅስ አልተነሳሁም። ግን ድሬ ውስጥ ታይዋን ገበያ ገብቶ፣ የዕቃውን መንገድ ጠይቆ የገዛ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ከተማዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱን ሐረር ተራራ ላይ ማውጣት ከባድና ውድ ስለነበር በቆላው በኩል ዞረ፤ በ1895 እዚህ ደረሰ፣ ከተማም በቀለበት። መጀመሪያ ስሟ አዲስ ሐረር ነበር። ከዚህ እስከ ጅቡቲ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ እናትሽ ያን ሁሉ መንገድ ስድስት ድሪያ ለብሳ ስትመላለስ የአንቺ ደብተርና ዩኒፎርም ከየት የመጣ መሰለሽ? ባንክ ያስገባሽ ያ ድሪያ ነው። ልጅሽ በኩራት ተናገረች አልሽ። ደግ አደረገች። አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር ለሚያውቁ ልጆች ያ ዘመን ተረት ነው፤ አያታቸው ደግሞ የተረቱ ጀግና ናት።

አሁን ወደ ክንዱ ልመለስ።

ልጅሽ ከአያቷ ወሬ የተማረችው ኮንትሮባንድ አይደለም። የተማረችው የሚቆነጥጥ ሰው ብልህ እንደሆነ፣ የሚቆነጠጥ ልጅ ደግሞ እንደሚያስቅ ነው። ከማን ሌላ ትማር? ያቺ የሰባት ዓመት ልጅ እዚያው ሳሎን ውስጥ ተቀምጣለች። አድጋለች፣ ባንክ ትሠራለች፣ ከሁሉም ጋር ትስቃለች። «አመመኝ» የምትል አንዲት ሰው ብትኖር አንቺ ነበርሽ። አልተናገርሽም። እዚህ ላይ እቆጣሻለሁ።

ግን ደግሞ እጇ ሲመጣ ታዪው ነበር። እሱን ሳነብ ደብዳቤውን አስቀምጬ ትንሽ ተቀመጥኩ።

እናትሽን ዝም ማሰኘት? በፍጹም! ዝም ብትል ልጆቹ ጋ የሚቀረው የእሷ ወሬ ብቻ ነው፤ የአንቺ አብሮ ይቀበራል። አያቴ ከሐረር ወደ ድሬ በጭነት መኪና ስትወርድ ደንገጎ ጠመዝማዛው ላይ ፍሬን እምቢ ያለበትን ቀን ታወራልን ነበር። «ጸጥ ብዬ ጸሎት አደረስኩ» ስትል እህቷ ከማድ ቤት ትጮኻለች፦ «ውሸት! ሾፌሩን ነክሰሽው ነበር!» ከዚያ ጭቅጭቅ። አያቴ ጸልያም ነክሳም ሊሆን ይችላል። ከደንገጎ ይልቅ በደንብ የማስታውሰው ያን ጭቅጭቅ ነው። ሁለት ሰው ያየውን ነገር አንድ ሰው ብቻ ሲያወራው ልጅ ይሸወዳል።

ተረት ሲያልቅ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ፦ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። እናትሽ ስንት ዓመት ሙሉ ታወራለች፤ የመለሰላት የለም። ማታ ማታ የምትደጋግመው አንድም ለዚህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ቤተሰብ ሰብስበሽ ስብሰባ አትጥሪ። አማትሽ ባሉበትም አታድርጊው። ቡናው ሲፈላ፣ ቶናው ላይ፣ «ቆነጠጥኳት» ስትል ጠብቂና ሳትስቂ «እማ፣ የት ላይ ነበር የምትቆነጥጪኝ?» በያት። ክንድሽን ለልጆችሽ አሳያቸው። «እጇ ሲመጣ አየው ነበር፣ እፈራ ነበር» በያቸው። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። እናትሽ ዝም ካለች ዝምታውን አትሙይላት። ብትቆጣም ትቆጣ፤ ማዋረድ አይደለም። ሰው ፊት የምትስቂላት፣ ብቻሽን ስትሆኚ የምትቀየሚያት እናት ብትሆን ይብሳል።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቂያት። የምታወራው ያለፈችበትን ቀን ብቻ ነው። የተወረሰባትስ? ባዶ እጇን፣ አንቺን ይዛ፣ ዕዳ ተሸክማ የወረደችበት ቀን አልነበረም? ያን ቀን አውርታላችሁ ታውቃለች? እኔ እንጃ፣ ያቺ ልጇን የምትቆነጥጥ ሴት ራሷ ምን ያህል ትፈራ እንደነበር ልጆችሽ ብቻ ሳይሆኑ አንቺም የሰማሽ አይመስለኝም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ትንሹን ጥሪው። እጅጌውን ሰብስበሽ ክንዱን እዪለት። እህቱም ትይ። ሲነካ ያመው እንደሆነ እሷ ራሷ ትጠይቀው።

ድሪያው ደግሞ ስድስት ነበር ስምንት? ከላይ የተለበሰው ምን ዓይነት ቀለም ነበር? አንቺ አጠገቧ ተቀምጠሽ ነበር፤ ጻፊልኝ።