ፒስታቺዮ ደብረ ማርቆስ ላይ ያፈራል?

ጥያቄ፦ እህቴ ከውጭ ካመጣችልኝ ያልተቆላ ፒስታቺዮ ሁለት ችግኝ በቅሎልኛል። ጓሮዬ ቀፎ አለ፤ ንቦቹ ያዳቅሉልኛል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ንቦቹን ተዋቸው ወንድሜ። ፒስታቺዮን የሚያዳቅለው ነፋስ ነው፤ የሴቴዋ አበባ የምትቀሰም ነገር የላትም፣ ንብ ምን ልታደርግ ትሄዳለች? ወንዴና ሴቴው ደግሞ ለየብቻ ዛፍ ናቸው። ያንተዎቹ የትኛው እንደሆኑ እስኪያብቡ አይታወቅም፣ እሱም ዓመታት ይፈጃል።

ዋናው ችግር ግን አየሩ ነው። ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ከ7 ዲግሪ በታች ብርድ ለብዙ መቶ ሰዓታት ይፈልጋል፣ ከዚያ ደረቅና የሚያቃጥል በጋ። የማርቆስ ብርድ ማታ ማታ ብቻ፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዝናብ በዝናብ፤ ሥሩ ውሃ የቋጠረ መሬት አይችልም። ለጌጥ ካልሆነ አልመክርህም።

ለንቦችህ ሥራ ከፈለግክ አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉትን የአፕል ዝርያዎች ጎን ለጎን ትከል፤ ብዙ ብርድ አይጠይቁም፣ እርስ በርስም ይዳቀላሉ።